ዘሬን የቆጠረልኝ ሰውዬ

የቡታጅራ ሰው ስኳር አይፈራም፣ ደም ግፊት አይፈራም። «አላውቅም» ማለትን ግን ይፈራል። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ስለሆነ ማማት አልነበረብኝም። ግን ይህ ጠባዩ እኔን ምን እንዳሳጣኝ ስለማውቅ አማዋለሁ። ዛሬ የምኖረው ወልቂጤ ነው። ወልቂጤም በዚህ በኩል የተሻለች አይደለችም፤ የወልቂጤዎቹ ጥቅም ዘሬን አለማወቃቸው ብቻ ነው።

ቡታጅራ ሳለሁ አስፋልቱ ዳር ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ትመጣና «እህቴ፣ ልጄን ሲመሽ ያስለዋል፤ ምን ይሻለኛል?» ትለኛለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላዋ የጨጓራ መድኃኒት ሊገዛ የቆመው ሰውዬ ይመልስላታል። ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ የፊተኛውን ያርመዋል። አንዲት ሴትዮ በሁለቱም ትስቅና «ነጭ ሽንኩርት በማር ነው እንጂ» ትላለች። መጠኑን ብትጠይቋቸው ምንም ሳይደናገጡ «አምስት መቶ» ይሏችኋል። በእኛ ከተማ መድኃኒት ሁሉ አምስት መቶ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ «የዓይን ጠብታውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው ትንሽ እንኳን ሳያስብ «እሱም አምስት መቶ» አለኝ።

መንገድ መጠየቅማ አያድርስ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በራፋችን ላይ ቆሞ የለቅሶ ቤት ጠየቀኝ። የሥራ ባልደረባው እናት ሞተውበት ሊያስተዛዝን የመጣ ነው። ቤቱን ስለማላውቀው «ይቅርታ፣ አላውቀውም» አልኩት። በጥርጣሬ አየኝ፤ ይህን እንኳን ያላወቀች ሴት መድኃኒት እንዴት ትሰጣለች ብሎ ይሆናል። የባጃጅ ተራ አስከባሪው ግን «ና፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ በባጃጅ አሳፍሮ ላከው። እንግዳው ድንኳን ውስጥ ገብቶ፣ አልቅሶ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ ከተቀመጠ በኋላ ቀና ቢል የሟች ፎቶግራፍ ፂማም ሽማግሌ ነው። ሲመለስ እኔ ጋ ገብቶ የራስ ምታት መድኃኒት ገዛ። ተራ አስከባሪውን ምን ነካህ ስለው «ለቅሶ ለቅሶ ነው፤ ማልቀሱ ምን ጎዳው?» አለኝ።

እነዚህ ሁሉ ግን ጀማሪዎች ናቸው። የዚህ ሙያ ቁንጮ የአባቴ እኩያ የሆነ አንድ ጡረተኛ ነበር። ከመድኃኒት ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች፤ ጠዋት ሻዩን ይዞ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ እስከ ምሳ አይነሳም። ስለ ኳስ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። ስለ ቪዛ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። ላም የምትወልድበትን ሳምንት፣ የሕልም ፍቺ፣ የሊዝ ሕግ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ሁሉንም ይመልሳል። ካልተጠየቀም ይመልሳል፤ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ነው። ከአፉ «ምናልባት» የምትባል ቃል ወጥታ አታውቅም። ስልክ ከገዛ ወዲህ ደግሞ ባሰበት፤ የፈጠረውን ሁሉ «ቴሌግራም ላይ ወጥቷል» እያለ ያጸናዋል።

እሱን ብቻ ብንቅ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ጠያቂዎቹም አሉ። ሐኪም አይቶ ማዘዣ የጻፈለት ሰው፣ ማዘዣውን በእጁ ይዞ፣ መንገዱን ተሻግሮ ይህን ጡረተኛ «ይሄ ነገር ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ሰው ትክክለኛ መልስ አይፈልግም፣ ቶሎ የሚመጣ መልስ ነው የሚፈልገው። «ቆይ አይቼ ልንገርህ» ካልከው የማትረባ ነህ። ያለማመንታት ከቀባጠርክለት ግን ሊቅ ነህ፣ ሻይም ይከፈልልሃል።

የሰውዬው ትልቁ ችሎታ ዘር መቁጠር ነበር። ፊትህን አይቶ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንክ ይነግርሃል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉራጌ ዘሩን የማያውቅ ሰው አያከብርም፤ የታወቀ ወንድ አባቶቹን እንደ ዳዊት ያወርዳቸዋል። ሰውዬው ይህን ተጠቅሞ የከተማውን ሰው ሁሉ አዛምዶታል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በረንዳው ፊት ሰላም ሲባባሉ ካየ «እናንተ እኮ ዘመዳሞች ናችሁ» ይላል፣ የአንዱን ቅድመ አያት ከሌላው ቅድመ አያት ጋር ያጋባል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አንዱ በርበሬ ተራ ቅናሽ ያገኛል፣ ሌላው ቢሮ ወረፋ ሳይጠብቅ ይፈረምለታል። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚያጣራ የለም፤ ዝምድና ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ዝምድና የሚጎዳው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ስንጋባ እስከ ሰባት ትውልድ እንቆጥራለን፤ ከሰባት በታች የተነካካ አይጋባም። ይህን በእኛ ከተማ የማያውቅ የለም። ሰውዬውም ያውቃል። ምላሱ ግን ከእሱ ቀድማ ትሮጣለች።

እኔ ያኔ ልጋባ ነበር። ልጁ የቡታጅራ ልጅ ነው፣ ባንክ ቤት ነበር የሚሠራው፣ ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል። መልኩም ጠባዩም ጥሩ ነበር፤ ሌላ እንከን እንዳለው ያኔ አልገባኝም። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሊልኩ ሲሉ ይህን ጡረተኛ እንደመረጡ ሰማሁ። «እባክህ እሱን አታምጡ» አልኩት ልጁን። «አባቴ ነው የመረጠው፤ የማያውቀው ነገር የለም ብሎ» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አራት ናቸው። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ። አባቴ አዲስ ጋቢውን ደርቦ መሃል ቤት ቆሟል። ወጉ እንደሚያዘው «ተቀመጡ» አላቸው፤ ወጉ እንደሚያዘው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። መሪያቸው ከዘራ የያዙ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅዎን ለልጃችን ብለው ለመኑ። አባቴም «ልጅ የእግዚአብሔር ናት፣ የዘመድም ናት፤ እስቲ የልጁን ዘር አሰሙን» አለ።

ሽማግሌው የልጁን የአባቱን ወገን ቆጠሩ። አንድም የሚነካ የለም። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ የእናቱ ወገን ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆም አሉና «በእናቱ በኩል የቀረን ስላለ ጠይቀን አጣርተን በቀጠሮ እንመጣለን» አሉ። እንዲህ ነው ትልቅ ሰው። ቀጠሮ ማለት በእኛ ባህል «አላውቅም» የሚባልበት የክብር መንገድ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። አባቴም ደስ ብሎት «መልካም» ሊል አፉን ከፍቷል።

«ቀጠሮ ለምን ያስፈልጋል፣ እኔ እያለሁ?» አለ ጡረተኛው።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩት። እሱ ግን አባቴን ነበር በፈገግታ የሚያየው። «የልጁ እናት ቅድመ አያት እኮ ከእናንተው ቤት የወጣች ናት። ያንተ ቅድመ አያት እህት። እኛ ባዕድ ቤት አልመጣንም፤ ድሮውንም አንድ ናችሁ» አለ። የሴትየዋን ስምም ጠራ።

ያኔ ያየሁት የጡረተኛው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። በረንዳው ላይ ሁለት ሰው ሲያዛምድ የሚያሳየው ያው ፊት ነው፤ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት። ማር የጨመረልን መስሎታል። ለጋብቻ የመጣ ሰው የሚያጣራው ዝምድና እንዳይኖር መሆኑን፣ ያን ሁሉ እውቀት የተሸከመው ጭንቅላቱ ለአንድ አፍታ እንኳን አላስታወሰውም። አንደኛው ሽማግሌ ትውልዱን እየቆጠሩ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አወረዱ።

አሁንም መዳን ይቻል ነበር። አባቴ «እኔ እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም» ቢል ነገሩ ወደ ቀጠሮ ይመለሳል፣ ይጣራል፣ ያበቃል። ሰውዬው ግን አባቴን «አታውቃትም እንዴ?» አለው። በአራት ሽማግሌ ፊት፣ በገዛ ቤቱ፣ ስለ ገዛ ዘሩ።

«እንዴት አላውቃትም» አለ አባቴ። «እሷማ የታወቀች ሴት ናት።»

መሪው ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም» አሉ። ሳይቀመጡ እንደመጡ ሳይቀመጡ ወጡ። ጡረተኛው በሩ ላይ ደርሶ እንኳን «የሆነ ሆኖ ዝምድናችሁን ማወቃችሁ ጥሩ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያኔ ጓዳ ውስጥ ሙቀጫ ነበረ፤ ዘነዘናውን አንስቼ ያልወጣሁት እናቴ ስለያዘችኝ ነው።

በማግስቱ እናቴ ልብስ እያጠበች ሳለ «አባትሽ ሴትየዋን አያውቃትም» አለችኝ። «ከአያቱ በላይ አንድም ሰው አያውቅም። ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ነው አጎቱ መርካቶ የወሰደው። የዕቃ ተሸካሚ ልጅን ማን ዘርህን ቁጠር ብሎ ያስተምረዋል? በየሰርጉ ሌሎች ሲቆጥሩ ስልክ መጣብኝ እያለ የሚወጣው ለምን ይመስልሻል?» እውነቷን ነው፤ አባቴ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ስልኩ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። ንዴቴ ግን አልቀነሰም፤ ሁለቱን አብሬ ተሸከምኩ።

የልጁ እናት ደግሞ ስለ ቅድመ አያታቸው የሚያውቁት ነገር የለም። ቢያንስ እሳቸው አላውቅም ብለዋል። ግን «ከተባለ ተባለ፤ በልጄ ላይ እርግማን አልጠራም» ብለው ዘጉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሰውዬውን ቃል ከአፋፍ የሚመልሰው ጠፋ።

እኔ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አልሆነልኝም። ሰውዬውን ልፈትነው ፈለግኩ። እንዲህ ያለውን ሰው «ዋሽተሃል» ብትለው ዋጋ የለውም፤ አሥር ማስረጃ ይጨምርልሃል። መጠየቅ ነው ያለብህ። ስለዚህ አንዲት ሴት ፈጠርኩ። መንገዱን ተሻግሬ በረንዳው ፊት ቆምኩና «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ያቺ ከመስቃን ወጥታ የመነኮሰችው፣ የምታነክሰዋ፣ ለእኛ ቤት ምናችን ናት?» አልኩት። እንዲህ ያለች መነኩሲት በዓለም የለችም። መንገዱን ስሻገር ነው የፈጠርኳት።

ሻዩን ፉት አለ። «እሷማ የአባትሽ የአክስት ልጅ አይደለች? ግራ እግሯን ነው የምታነክሰው። በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ» አለኝ።

የቱን እግሯን እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር። ከፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ አንድ ሰውዬ «እኔም አስታውሳታለሁ፤ ደግ ሴት ነበረች» አለ። «ነፍሷን ይማር» አሉ ሌላው። እኔም ነፍሷን ይማር ብዬ ተመለስኩ። የወለድኳትም የገደሏትም በአንድ ሻይ ውስጥ ነው።

ሮጬ ለልጁ ነገርኩት። ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሰውዬው ቀጣፊ ነው ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብዙ አሰበና «ምናልባት እንዲህ ያለች መነኩሲት ኖራስ ቢሆን? አንቺ ሳታውቂ?» አለኝ። እኔ የፈጠርኳትን ሴት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ትርጉሙን ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። እንዲያም ሆኖ እወደው ነበር። ሰው የሚንቀውን ይወዳል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ወድጃለሁ።

የቀሩኝ የንስሐ አባታችን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የመነኩሲቷን ነገር ብቻ አስቀርቼ፤ ካህን ፊት ቀልዴን መዘርዘር አፈርኩ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ የሴትየዋን ነገር እኔ አላውቅም» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰማሁ ስለቆየሁ እንባዬ መጣ። «የሰውዬው ወሬ ብቻውን አይይዘኝም። አባትሽ ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ አውቃታለሁ ካለ ቃሉን ረግጬ አላጋባም። አላውቃትም ካለኝ ግን ቤተሰቡን ጠርቼ አነጋግራለሁ፤ የቀረው የእኔ ሥራ ነው» አሉኝ።

አባቴ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበረው። ሱቁ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩና «አባዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ለአባ አላውቃትም በላቸው» አልኩት።

«ሽማግሌ ፊት አውቃለሁ ያልኩትን?» አለኝ።

«ብቻቸውን ናቸው። ሌላ ሰው አይሰማም።»

«እሳቸው ሰው አይደሉም?»

«አባዬ፣ ለእኔ ስትል።»

ከፊቱ የነበረውን ሚስማር በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየ። የመነኩሲቷን ነገር ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሰውዬው እንደሚቀጥፍ ማሳየት አባቴን አንተም ቀጥፈሃል ማለት ነው፤ ያን ያህል ጨካኝ አልነበርኩም። በመጨረሻ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለኝ። እሺ ሲለኝ ፊቱን አላየሁትም። አንገቱን አቅፌ ስሜው ወጣሁ፤ እስከ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። አባ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። አባቴ መስቀል ተሳለመ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። አባም ነገር ሳያበዙ «የተባለችውን ሴት፣ የቅድመ አያትዎን እህት፣ ያውቋታል?» አሉት።

አባቴ አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየ። እኔ ልቤ ውስጥ በል፣ በል እላለሁ።

«አውቃታለሁ» አለ። ያመኑት ስላልመሰለው ይሆናል፣ ጨመረበት፤ «በቤታችን በደንብ ትወራ ነበር። ግራ እግሯን ታነክስ ነበር፤ ከበቅሎ ወድቃ።»

የእኔ መነኩሲት ናት። ከፀጉር ቤቱ ወጥታ፣ በባጃጅ ተሳፍራ፣ ገበያውን ዞራ፣ አባቴ ሱቅ ደርሳለች። አባቴም ዘሩን ያገኘ መስሎት አንስቷታል። እኔን ልጁን ጋብቻ የከለከለባትን ሴት አንካሳ እግር የሰጠኋት እኔው ልጁ ነኝ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ፤ የምትዪው አለሽ ወይ ለማለት ነው። ነበረኝ። «ይህችን ሴት እኔ ነኝ የፈጠርኳት» ብል በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ይፈርስ ነበር። አባቴም ኮፍያውን እንደያዘ፣ ካህን ፊት፣ በልጁ አፍ ቀጣፊ ሆኖ ይቀር ነበር። የምለው የለኝም አልኩ።

ልጁ በዓመቱ ሌላ አገባ። ጡረተኛው የሠርጉ ሽማግሌ ነበር አሉ፤ በዚያኛው ጊዜ ዝምድና አላገኘም። እኔ ወልቂጤ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። ለምን ሄደች ለሚለው ከተማው መልስ እንዳላጣ እርግጠኛ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት የአባቴ ዓይን ደክሞ ወልቂጤ ለማሳከም ልወስደው ቡታጅራ ሄድኩ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል ከዘራ በበሩ ገባ፣ ከከዘራው ኋላ ጡረተኛው። አርጅቷል፣ ምላሱ ግን አልተነካም። ከፊታችን ተቀምጦ ወደ እኛ ዞረ። የዘቢዳርን ተራራ ሳናልፍ የዓይን ሞራ በምን እንደሚመጣ፣ ሐኪሙ ምን እንደሚል፣ ወልቂጤ ውስጥ ቤት ስንት እንደሚከራይ ነገረን። ከዚያ እኔን አየኝና «አንቺስ፣ እስካሁን ለምን አላገባሽም?» አለኝ።

ቀልዱ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ፈጽሞ ረስቶታል። መልሱንም አልጠበቀም፤ የዛሬ ሴቶች ደመወዝ ስታገኙ ሰው ትንቃላችሁ ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳ። ሰው መናቄ እንኳን እውነት ነው።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የአባቴን ዘር ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቅም» አለና አወረደው። የአባቴን አያት፣ ቅድመ አያት፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ ማን ወዴት እንደተዳረች፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ ጊዜ ሳይደናቀፍ። አንድ በአንድ አዳመጥኩት። ያቺ ሴት የለችበትም። የአባቴ ቅድመ አያትማ እህት የሌለው አንድ ወንድ ነበር አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «አይደለም እንዴ?» አለው።

አባቴ መስኮቱን እያየ ነበር፤ በዚያ ዓይኑ ምን እንደሚያይ እንጃ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ከአያቴ በላይ አላውቅም። ማንም አላስተማረኝም።»

እንዲህ ነው ያለው፣ አቧራ ገባ መስኮቱን ዝጊው እንደሚባለው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ረዳቱ «ጉብሬ ወራጅ አለ?» እያለ ይጠይቃል፣ ጡረተኛው «እኔ ላስታውስህ» ብሎ እንደገና ከላይ ጀምሯል። አባቴ እጁን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። ወልቂጤ እስክንደርስ አላነሳሁትም፤ አልያዝኩትምም።